ሶፍትዌር ሠርቶ መሸጥ፦ ገዢው የሚገዛው ምኑን ነው?

ጁን 2025 ላይ ዊክስ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ቤዝ44 የሚባል ሶፍትዌር በ80 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቀም እናገራለሁ።) ቤዝ44 ያኔ ዕድሜው ገና ስድስት ወር ነው። ሰው የሚፈልገውን አፕ በተራ ቋንቋ ሲነግረው በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሠርቶ ያወጣለታል። መሥራቹ ማኦር ሽሎሞ ሥራውን የጀመረው ብቻውን ነው። ሲሸጥ ሠራተኞቹ ስምንት ነበሩ። ከኢንቨስተር የወሰደው ገንዘብ አልነበረም።

ከዚህ ዜና ሰው ጆሮ ውስጥ የሚቀረው ሁለት ቁጥር ነው፤ ስድስት ወርና ሰማንያ ሚሊዮን። ወጣት ፕሮግራመሮች ሲገናኙ የሚያወሩትም ይህንኑ ነው። «እኔስ ምን ጎደለኝ?» ይላል አንዱ። ሌላው በማግስቱ የሥራ መልቀቂያ ሊጽፍ ይነሳል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ዜናው ሲዘረዘር ግን ሌላ መልክ አለው። ሽሎሞ ጀማሪ አይደለም። ከዚያ በፊት ኤክስፕሎሪየም የተባለ የዳታ ኩባንያ ከሌሎች ጋር መሥርቶ ለዓመታት ሠርቷል። ቤዝ44 ሲሸጥ 250 ሺህ ገደማ ተጠቃሚዎች ነበሩት። ከሽያጩ በፊት በነበረው ወር ብቻ 189 ሺህ ዶላር አትርፏል። ከጅምሩ የሚሠራውን፣ የሚሳካለትንም የሚበላሽበትንም፣ በሊንክድኢንና በኤክስ ላይ በአደባባይ ይጽፍ ነበር። 80 ሚሊዮኑም ቢሆን ወደ አንድ ኪስ አልገባም። 25 ሚሊዮን የሚሆነው ሠራተኞቹ እንዲቆዩ የተመደበ ነው። ከዚያ ውጪ ደግሞ እስከ 2029 ድረስ የሥራው ውጤት እየታየ የሚከፈል ተጨማሪ አለ።

ዊክስ የራሱ ብዙ ፕሮግራመሮች አሉት። ያንን ኮድ መጻፍ አያቅተውም ነበር። የገዛው የሚከፍሉ ሰዎችን፣ የታወቀ ስምንና በሩጫው ቀድሞ የወጣ ቡድንን ነው። ሶፍትዌር ሠርተው የሸጡ ሰዎችን ታሪክ ስናይ ደጋግሞ የሚወጣው ይኸው ነው። ለፕሮግራመር ይህን መቀበል ከባድ ነው። እንቅልፍ ያጣው ለኮዱ ነዋ።

ትልልቆቹን ትተን ወደ ትናንሾቹ እንምጣ። አንድ ወይም ሁለት ሰው የሠራቸው ሶፍትዌሮች እንደ ቤትና መኪና የሚገበያዩባቸው ድረ ገጾች አሉ። ፍሊፓና አኳየር ዶት ኮም በዚህ ይታወቃሉ። እዚያ ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ «በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው?» አይልም። «በዓመት ስንት ያተርፋል?» ነው የሚለው። ትንሽ የሶፍትዌር ንግድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው የዓመት ትርፉ በሁለት፣ በሦስት፣ ጥሩ ሲሆን በአራት ተባዝቶ ነው። በዓመት 20 ሺህ ዶላር የሚያተርፍ ከሆነ ድርድሩ ከ40 እስከ 80 ሺህ ዶላር መካከል ይሆናል። ምንም የማያተርፍ ከሆነስ? ኮዱ የቱንም ያህል ቢያምር ዜሮ በሦስት ቢባዛም ዜሮ ነው።

ማባዣውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዋናው ነገር ደንበኛው መቆየቱ ነው። ከመቶ ደንበኛ በየወሩ አምስት ቢለቅ ብዙ አይመስልም። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ከመቶው የቀሩት 54 ብቻ ናቸው። በየወሩ ሁለት ብቻ ቢለቅ 78 ይቀራሉ። ሁለቱ ንግዶች ዛሬ እኩል ገቢ ቢኖራቸውም ገዢ በአንድ ዓይን አያያቸውም። በመጀመሪያው ውስጥ በየዓመቱ ግማሽ ያህሉን ደንበኛ እንደ አዲስ መፈለግ አለበት። ለዚህ ነው በዘርፉ የቆዩ ሰዎች አዲስ ነገር ከመጨመራቸው በፊት የለቀቀ ደንበኛ ጋር ደውለው «ምን ሆነህ ነው የተውከን?» ብለው የሚጠይቁት። መልሱ ብዙ ጊዜ ያሳፍራል። ግን ከማንኛውም ግራፍ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ዎርድልን ሊያነሳብኝ ይችላል። ልክ ነው። ጆሽ ዋርድል ያን የቃላት ጨዋታ የሠራው ለፍቅረኛው ነው። ማስታወቂያ አልነበረውም፤ አንድ ሳንቲም አላስገባም። ሆኖም ጃንዋሪ 2022 ላይ ኒውዮርክ ታይምስ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ወሰደው። ጋዜጣው ግን የገዛውን ያውቃል። እሱ ራሱ የጨዋታ ሰብስክሪፕሽን ይሸጣል። በየቀኑ ጠዋት የሚመለሱ ሚሊዮኖችን በአንድ ጊዜ አገኘ። እንዲህ ያለ ነገር ይከሰታል፤ ሎተሪም ይወጣል። በሎተሪ ላይ ግን የወር ወጪ አይታቀድም።

ነጻ መስጠትና ማስከፈል ምን ያህል እንደሚለያዩ ከሁሉም በላይ የሚያሳየኝ የዴሊሸስ ታሪክ ነው። ዴሊሸስ ሰዎች የወደዱትን ድረ ገጽ ሊንክ የሚያስቀምጡበት አገልግሎት ነበር። በ2003 ተጀመረ። ነጻ ነው። እጅግ ተወደደ። በ2005 ያሁ ገዛው፤ መሥራቹ ጆሹዋ ሻክተርም በሚሊዮኖች አገኘ። ከዚያ በኋላ ግን አገልግሎቱ ያሁ ውስጥ ተረሳ። በ2010 መጨረሻ ያሁ ሊዘጋው ካሰባቸው አገልግሎቶች አንዱ መሆኑን የሚያሳይ የስብሰባ ስላይድ አፈትልኮ ወጣ። ተጠቃሚው ደነገጠ። የዓመታት ሊንኩን ይዞ መሸሻ ፈለገ።

መሸሻው ፒንቦርድ ሆነ። ፒንቦርድ ማቼይ ቼግሎቭስኪ የሚባል አንድ ሰው በ2009 የጀመረው ነው። መልኩ ደረቅ ነው፤ ጌጥ የለውም። ግን ከመጀመሪያው ቀን ያስከፍላል። መመዝገቢያ ዋጋው ደግሞ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር በጥቂቱ ከፍ ይል ነበር። ይህ ሰው በነጻ አገልግሎት ላይ ያለው አቋም ግልጽ ነው፤ የማትከፍልበት ነገር ነገ ሊዘጋብህ ይችላል ባይ ነው። የዴሊሸስ ስደተኞች ሲጎርፉ ሰርቨሩ ቢጨናነቅም እያንዳንዱ አዲስ ሰው ገንዘብ ይዞ ነው የመጣው። ዴሊሸስ በበኩሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲንከባለል ቆየ። በ2017 ቼግሎቭስኪ ራሱ ገዛው። ዋጋው 35 ሺህ ዶላር ነበር። አንድ ሰው፣ ከኪሱ።

ማስከፈል የሚያመጣው ገቢ ብቻ አይደለም። ዕቃው በእርግጥ ያስፈልግ እንደሆነም ይነግርሃል። ጓደኛህ «አሪፍ ነው» ይላል። የማያውቅህ ሰው ካርዱን አውጥቶ 10 ዶላር ሲከፍል ግን ይሉኝታ የለበትም። ማርከስ ፐርሰን ማይንክራፍት የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ በ2009 ገና ሳያልቅ ነው መሸጥ የጀመረው። ጎደሎ መሆኑን ተናገረ፤ ሰው እያወቀ ገዛው። በዚያ ገንዘብ ሥራውን ለቅቆ ጨረሰው።

የተጠና ትዕግሥት ማየት የሚፈልግ ደግሞ ሜይልቺምፕን ይመልከት። አትላንታ ውስጥ ድረ ገጽ እየሠሩ የሚተዳደሩ ሰዎች በ2001 ለራሳቸው ደንበኞች የኢሜይል መላኪያ ሠሩ። ለዓመታት የጎን ሥራ ነበር። ኢንቨስተር አላስገቡም። በ2021 ኢንትዊት በ12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛቸው። ሃያ ዓመት ማለት ነው። ይህ ታሪክ አንድ ቅሬታ አለበት፤ ሠራተኞቹ የአክሲዮን ድርሻ አልነበራቸውም። ሽያጩ ሲሰማ ውስጥ የነበሩ ብዙ ሰዎች ከፍቷቸው ነበር። ከገዢው በኩል ማካካሻ ቢታሰብም መሥራቾቹ ቢሊዮን ሲካፈሉ ከማየት ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛ ሰው ሲቀጠር የድርሻ ጉዳይ በወረቀት ቢሰፍር፣ ያ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ሌላው ብዙ የማይወራለት ነገር አሰልቺ ሶፍትዌር ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ኮንስቴሌሽን ሶፍትዌር የሚባል ኩባንያ አለ። በ1995 ማርክ ሌናርድ መሠረተው። ሥራው ትንንሽ የሶፍትዌር ኩባንያዎችን መግዛት ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገዝቷል። ከገዛ በኋላ መልሶ መሸጥ አይወድም። የሚገዛቸው የከተማ አውቶቡስ መርሐ ግብር የሚያወጡ፣ የውኃና የመብራት ቢል የሚያዘጋጁ፣ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። አንድም ሰው ስለነሱ ግብዣ ላይ አያወራም። ግን የከተማው ውኃ ክፍል አንዴ ሲስተሙን ከለመደ በሚቀጥለው ወር አይቀይረውም።

እኛ ጋ ምሳሌው ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር ነው። ፒችትሪ የአትላንታ ልጅ ነው፤ ስሙም የከተማዋ ዋና መንገድ ስም ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዙ ሴጅ ገዛው። በኋላም አሜሪካ ውስጥ ስሙን ወደ ሴጅ 50 ቀየረው። ይህ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ ስታነብ አሁንም «ፒችትሪ የሚችል» ይላል። ኮሌጁ ያስተምረዋል፣ ማሠልጠኛው ሰርተፊኬት ይሰጥበታል፣ አለቃውም የሚያውቀው እሱን ነው። ባለቤቱ ስሙን ጣለው፤ ገበያው አልጣለውም። ልማድ የሚባለው ነገር ዋጋው ይህን ያህል ነው።

የራሳችን የሶፍትዌር ንግድ ታሪክ ደግሞ ፊደል ላይ ነው የጀመረው ማለት ይቻላል። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያልገቡበት ቢሮ አልነበረም። ጋዜጣው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ቀበሌው፣ የሠርግ ካርድ ማተሚያው በነሱ ነው የጻፈው። የተጠቀመውና የገዛው ቁጥር ግን አይገናኝም። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በሲዲ፣ በኋላም በፍላሽ ሲገለበጥ ኖረ። ጎረቤት ቢሮ ያለ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ዊንዶውስ ሲጭን አብሮ ይጭነዋል፤ የሚያስከፍለው ለመጫኑ ነው። ከዚያ የባሰው ሌላ ነው። በ1999 የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል መለያ ሥርዓት፣ ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የሚባለውን ፊደል አብሮ ይዞ መጣ። ሲሸጥ የነበረው ነገር የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነጻ አካል ሆነ። ያም ሆኖ ብዙ መሥሪያ ቤት በድሮው ፊደል የተጻፈ ፋይሉን ለመክፈት ሲል ብቻ እነዚያን ፕሮግራሞች አልጣለም።

የሰው ግቢ ውስጥ ቤት የሠራ ሁሉ ይህ ሊገጥመው ይችላል። ክርስቲያን ሴሊግ አፖሎ የሚባል፣ ሬዲት የተባለውን የውይይት ድረ ገጽ ማንበቢያ እጅግ የተወደደ አፕ ነበረው። በ2023 ሬዲት ዳታውን በዋጋ መስጠት ሲጀምር አፑ በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊከፍል መሆኑ ታወቀ። በዚያው ዓመት ጁን 30 ተዘጋ። ኮዱ አልተበላሸም። ተጠቃሚው አልቀነሰም። ቁልፉ ግን ሌላ ሰው እጅ ነበር።

አሁን ወደ አዲስ አበባው ገበያ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። አገር ቤት ያለው ፕሮግራመር አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው «ሲስተም» ነው። መድኃኒት ቤቱ፣ ሆቴሉ፣ የግል ትምህርት ቤቱ፣ የዕቃ መጋዘኑ «ሲስተም ሥራልኝ» ይለዋል። ዋጋ ይነጋገራሉ፤ ቅድመ ክፍያ ይቀበላል። ይሠራል፣ ይጭናል፣ ሠራተኞቹን ያሠለጥናል። ቀሪው ክፍያ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወት የስልክ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ገንዘብ ተቀባይዋ ትደውላለች፤ «ሲስተሙ ቆሟል፣ ደረሰኝ አልወጣም አለኝ።» ኮምፒውተሩን ከርቀት በሚያሳየው በኤኒዴስክ ይገባል። ፕሪንተሩ ወረቀት ጨርሶ ነው። በነጋታው ባለቤቱ ይደውላሉ፤ «ያቺን ሪፖርት በቀን እንድታወጣ አድርጋት እንጂ፣ ትንሽ ነገር ናት።» ትንሿ ነገር ሦስት ቀን ትፈጃለች፤ አትከፈልም። ሌላው ደንበኛ ደግሞ የራሱን ትንሽ ነገር ይጠይቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ልጅ አሥራ ሁለት ደንበኛና አሥራ ሁለት የተለያየ ፕሮግራም አለው። ስሙ አንድ ነው፤ ውስጡ አይመሳሰልም።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ገቢም ያገኛል። የሚሸጥ ንግድ ግን የለውም። ገዢ ቢመጣ የሚገዛው የሱን ስልክ ቁጥር ነው። እሱ ቢታመም ይቆማል፣ ወደ ውጭ ቢወጣ ይዘጋል። መውጫው ከባድ ቢሆንም የታወቀ ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ ለስምንቱ የሚሆነውን አንዱን መርጦ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርጎ፣ «ይህን አንሠራም» ማለት መጀመር። ጥቂት ደንበኛ ይቀየማል። ጥቂቱ ይሄዳል።

የወር ክፍያ የሚባለው ነገር ደግሞ የራሱ ሙግት አለው። «አንዴ ገዝቼው የለ እንዴ? ለምን በየወሩ እከፍላለሁ?» ይላሉ ባለሱቁ። እውነታቸውን ነው፤ ቲቪ ሲገዙ በየወሩ አልከፈሉም። በየወሩ አምስት መቶ ብር ከመሰብሰብ በዓመት አንዴ «የእድሳትና የጥገና» ብሎ ውል መፈራረም እዚህ ይቀላል። ገንዘብ መሰብሰቡ በራሱ ከዛሬ አምስት ዓመት በጣም ይሻላል። ቴሌብር በ2021 መጣ፣ ቻፓን የመሳሰሉ የክፍያ መግቢያዎችም ተከተሉ። ሰው ደጅ ሄዶ ቼክ መለመን ቀንሷል።

ብሩ ግን ብር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ሰርቨር በዶላር ተከራይቶ ደንበኛን በብር የሚያስከፍል ሁሉ በአንድ ክረምት ወጪው እጥፍ ሆነበት። ውሉ ላይ ዋጋ የሚከለስበትን አንቀጽ ያስገባ ተረፈ። ያላስገባ ዓመቱን ከኪሱ ጨመረ።

ስለዚህ ብዙዎች ለውጭ ገበያ መሥራት ይመኛሉ። ቦታ እንደማይወስን ማስረጃ አለ። ፓትሪክ ማኬንዚ የሚባል አሜሪካዊ ጃፓን ውስጥ ተቀምጦ በ2006 የቢንጎ ካርድ መሥሪያ ፕሮግራም ሠራ። ደንበኞቹ አሜሪካ ያሉ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪዎች ነበሩ። ከሠላሳ ዶላር ባነሰ ዋጋ እየሸጠ ለዓመታት ተጠቀመበት፤ በኋላም ለሌላ ሰው ሸጠው። ልዩነቱ እሱ ክፍያ የሚቀበልበት መንገድ ነበረው። በኢንተርኔት የካርድ ክፍያ የሚያስተናግደው ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም።

እና ምን ይደረጋል? የአክስት ልጅ ይደወላል። ሜሪላንድ ወይም ዳላስ ያለው የአክስት ልጅ በስሙ ስትራይፕ ይከፍታል። የአፕል ዴቨሎፐር አካውንቱም በሱ ይሆናል። ዶሜይኑም፣ የድረ ገጹ አድራሻ ማለት ነው፣ በሱ ካርድ ይገዛል። ፍቅር እያለ ሁሉም ይሠራል። ገቢው ከፍ ሲል ግን የአሜሪካ ግብር ወረቀት በሱ ስም ይመጣል፤ ያላየውን ገንዘብ ገቢ ነው ብሎ ሊያስረዳ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ገዢ ይመጣል። የመጀመሪያ ጥያቄው ቀላል ነው፤ «ሻጩ ማነው?» በሕግ ፊት ሻጩ የአክስት ልጅ ነው። ሚስቱም ልትጠየቅ ትችላለች። አዲስ አበባ ተቀምጦ ሌሊት ኮዱን የጻፈው ሰው ደግሞ በወረቀት ላይ የለም። እዚህ ላይ ስንት ዝምድና እንደተበላሸ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዴላዌር በሚባለው የአሜሪካ ስቴት ኩባንያ መክፈት ዛሬ በኢንተርኔት የሚያልቅ፣ ዋጋውም ከብዙ ላፕቶፕ የሚያንስ ነገር ነው። ቢያንስ ድርሻውን የሚገልጽ አንድ ገጽ ውል ሁለቱም ቢፈርሙ ኖሮ ግማሹ ጠብ አይነሳም ነበር።

አሜሪካ ያለው ወገናችንም የራሱ ወጥመድ አለው። ቀን ለትልቅ ኩባንያ እየሠራ ማታ የራሱን አፕ የሚጽፍ ብዙ ነው። ሥራ ሲገባ የፈረመው ወረቀት ላይ «የምትሠራው ሁሉ የኩባንያው ነው» የሚል መስመር ሊኖር ይችላል። ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ሠራተኛው በራሱ ጊዜና በራሱ ዕቃ የሠራውን፣ ከአሠሪው ሥራ ጋር ካልተያያዘ፣ በሕግ ይጠብቁለታል። ሁሉም ስቴት ግን እንዲያ አይደለም። የኩባንያውን ላፕቶፕ ለአንድ ማታ እንኳ መጠቀም ነገሩን ያበላሸዋል። ኤች-ዋን-ቢ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ፈቃዱ ላስመጣው አሠሪ ብቻ ስለሆነ ሳንቲም ከማስገባቱ በፊት ጠበቃ ቢያማክር ይሻለዋል።

ሽያጩ ራሱ እንዴት ይሄዳል? ገዢው መጀመሪያ የመግዛት ፍላጎቱን በደብዳቤ ይገልጻል። ዋጋው እዚያ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ ልብ ይሞቃል። ደብዳቤው ግን አብዛኛውን ጊዜ ገዢውን አያስገድደውም። አንተን የሚያስገድድ አንድ ነገር አለው፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ወር ከሌላ ገዢ ጋር እንዳትነጋገር። ጉልበት ከሻጭ ወደ ገዢ የሚዞረው በዚህች ቅጽበት ነው። በማጣራቱ ሳምንታት ትንንሽ ጉድለቶች ይገኛሉ፤ ዋጋው ትንሽ ይውረድ ይባላል። የደከመ ሻጭ ይስማማል። ቀድሞ የተዘጋጀ ግን አይደናገጥም። የባንክ መግለጫው ከሽያጭ መዝገቡ ጋር ይገጥማል። አንድ ወቅት በፍሪላንስ የረዳው ልጅ ኮዱን ማስረከቡን ፈርሟል። ሰርቨሩ እንዴት እንደሚነሳ ተጽፏል። ገንዘቡን ደግሞ ሦስተኛ ወገን ይይዘዋል፤ ዶሜይኑና ኮዱ ገዢ እጅ መግባቱ ሲረጋገጥ ይለቀቃል። ይህን ያላደረገ የማያውቀውን ሰው አምኖ ሄዷል ማለት ነው።

የተወሰነው ክፍያ «ንግዱ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት እዚህ ከደረሰ» ተብሎ ሲዘገይስ? ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከተሸጠ በኋላ ዋጋ የሚጨምረውም፣ ማስታወቂያ የሚያቆመውም ገዢው ነው፤ ውጤቱ ላይ ያለህ እጅ አጭር ነው። እንደ ቤዝ44 ዋናው ተከፍሎ ያ ተጨማሪ ከሆነ እሰየው። ዋናው ራሱ እሱ ከሆነ ግን ባይሸጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለማን እንደምትሸጥም ማየት ነው። ዘ ግሬት ሰስፔንደር የሚባል የክሮም ማሟያ ነበር፤ ሥራ የፈቱ ገጾችን እያስተኛ የኮምፒውተሩን ሚሞሪ ይቆጥባል። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ይጠቀምበት ነበር። በ2020 ማንነቱ በግልጽ ላልታወቀ ገዢ ተሸጠ። ፌብሩዋሪ 2021 ላይ ጉግል አደገኛ ኮድ አለበት ብሎ ከሁሉም ሰው ብራውዘር ላይ አጠፋው። ሻጩ የተሸጠውን ዕቃ ብቻ አይደለም ያስረከበው፤ የሁለት ሚሊዮን ሰው እምነት አብሮ ሄዷል።

ከሽያጭ በኋላ ስላለው ነገር ብዙ አልልም፤ ሰው ሁሉ የየራሱ ነው። የማይንክራፍቱ ፐርሰን በ2014 ኩባንያውን ለማይክሮሶፍት በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ሲለቅ ምክንያቱ ገንዘቡ ሳይሆን የአእምሮው ሰላም መሆኑን ጽፎ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ብቸኝነቱን ራሱ በትዊተር አወጣው። በሌላ በኩል ስታርዲው ቫሊን ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ሠርቶ በ2016 ያወጣው ኤሪክ ባሮን እስካሁን አልሸጠውም። ጨዋታው ከ40 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሽጧል፤ እሱ ማሻሻያ እየጨመረለት ነው። ንግድ የሚሸጥ ሆኖ መሠራቱና መሸጡ ለየቅል ናቸው። የሚሸጥ ንግድ ያለው ሰው ላለመሸጥም አቅም አለው።

አሁን ሁሉም የሚጠይቀው ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። ቤዝ44ን በመሰሉ መሣሪያዎች ፕሮግራም የማያውቅ ሰው በአንድ ቅዳሜ አፕ ያወጣል። ስለዚህ ገዢ አዲስ ጥያቄ ይዞ መጥቷል፤ «ይህን ለምን ራሴ አልሠራውም?» የቀን መቁጠሪያ ማስታወሻ ወይም ቀላል የፎቶ ማስተካከያ ለያዘ ሰው መልሱ ከባድ ነው። የዚህ ዓይነት ትንንሽ አፖች ዋጋ የሚወርድ ይመስለኛል።

ለአገር ቤቱ ገበያ ለሚሠራ ግን ያን ያህል አልሰጋም። የደመወዝ ፕሮግራም እንውሰድ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ወሩ አሥራ ሦስት ነው፤ ጳጉሜን የትኛው ደመወዝ ውስጥ ትገባለች? ጡረታው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። 2017 ዓ.ም ላይ የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሎ ከግብር ነጻ የሆነው ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል፣ ሰንጠረዡ በሙሉ ተቀየረ። የየድርጅቱ ሒሳብ ሹም ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደመወዝ ሊሠራ ተቀምጦ ያሰበው ስለ ኮድ አይደለም። ፕሮግራሙ ታድሶ እንደሆነ ነው፤ ካልታደሰም የሚደውልበት ቁጥር መኖሩን ነው። አዋጁን አንብቦ በሳምንቱ ማሻሻያ የላከ፣ ከስልኩም ጀርባ ከራሱ ሌላ የሠለጠነ ሰው ያስቀመጠ ባለሶፍትዌር በሚቀጥለው ዓመት የእድሳቱን ውል ሲያቀርብ ዋጋ ላይ ብዙ የሚከራከረው አያገኝም።